የአካውንቱ ባለቤት አስወጥቶዎታል

እኔ የሦስት የፊልም መተግበሪያዎች ደንበኛ ነኝ። ሦስቱንም በስሜ እከፍላለሁ። ስከፍታቸው ሦስቱም ስሜን ጠርተው እንኳን ደህና መጣህ ይሉኛል፤ ከሰላምታው በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ አንዳቸውም አያስገቡኝም ነበር። ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሳማርር መጀመሪያ ይስቁብኛል፤ ስቀው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጉና «ለመሆኑ ጥሩ ፊልም ያለው የትኛው ላይ ነው?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ቀጥለው ፓስወርዱን ይጠይቁኛል። እሱንም እነግራቸዋለሁ። የነገሩ ፍሬ ይኸው ነው፤ ጊዜ የሌለው አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ይቀመጥና ከሥሩ ላጫውተው።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሥራ ነቀምቴ አመጣኝ፤ ነቀምቴ ደግሞ ከአያንቱ ጋር አገናኘችኝ። አያንቱ ነቀምቴ አቅራቢያ ያለችው የኡኬ ልጅ ናት፤ መምህርት ናት። ተጋብተን ድስትና ትራስ ገዝተን ሳንጨርስ የምደባ ቦታዋ አኖ ሆነ። አኖ ሩቅ አገር አይደለም፤ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ነው፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ለመንገደኛ ቅርብ ነው። ጠዋት ማስተማር ላለባት ሚስትና ጠዋት መፈረም ላለበት ባል ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ ትዳራችን ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚከፈት ቢሮ ሆነ።

ብቻውን እራት የሚበላ ባለትዳር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሞ ነው የሚበላው። ሳህን አያወጣም። ድስቱ ላይ አጎንብሶ ሁለት ሦስቴ ያጠቅስና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይተኛል። እኔ እንዲህ መሆኔን አያንቱ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም፤ አንድ ቀን ደውላ «ዛሬ ተቀምጠህ ነው የበላኸው?» አለችኝ። ዋሸሁ። ወዲያው መላ አመጣች። በየስልካችን አንድ ዓይነት ድራማ እንክፈት፤ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እኩል እንጫነው፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን፣ ሳህን አውጥተን፣ ተቀምጠን፣ እያየን እንብላ። የመጀመሪያውን መተግበሪያ ያስገዛኝ ይኸው ነው። ምልክቱ ቢጫ ስለሆነ ቢጫው እንለዋለን።

ድራማው ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ አገር ድራማ ነው። ባሏ ሞቶባት ከባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል የወረሰች አንዲት ሴት አለች፤ ባለሆቴሏ እንላታለን። ሆቴሉን ሊነጥቃት የሚፈልግ የባሏ ወንድም አለ። የሚከራከርላት ጠበቃ ደግሞ ይወዳታል፤ ግን አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል ሁልጊዜ ሰው በር ያንኳኳል። እኛ በዚህ ጠበቃ ተበሳጭተን ስንት እራት በላን መሰላችሁ። እኔ «ተናገር አንተ ሰው» እላለሁ፤ አያንቱ ከአኖ «ተወው፣ ፈሪ ነው፣ አንተም እንዲሁ ነበርክ» ትለኛለች። ቢጫው በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ለሁለት ስክሪን ብቻ ነው። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ። በልካችን የተሰፋ ነገር ነበር፤ ደስተኛ ነበርኩ።

የቤት አከራዬ አዴ ኩሜ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። የእኔን ክፍልና የእሳቸውን ሳሎን የሚለየው ግድግዳ የጭቃ ነው፤ ድምፅ አይዝም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ትልቅ ስማርት ቲቪ የላከችላቸው ሰሞን በጠዋት በሬ ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልቴ ኢልመ ኮ። ይቺ ቲቪ ፓስወርድ አምጪ እያለች ታስቸግረኛለች። አንተ ጋ አለ አሉ። ማሎ፣ አስገባልኝ እስቲ።»

አካም ቡልቴ እንዴት አደርክ ነው፤ ኢልመ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ማሎ ደግሞ እባክህ ነው። እኒህ ሴትዮ ታይፎይድ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ገንፎ እያገነፉ በማንኪያ ያጎረሱኝ ናቸው። አሁን ከእናንተ መካከል ገንፏቸውን በልቶ ፓስወርዱን የሚከለክል ካለ እጁን ያውጣ። ገባሁና አስገባሁላቸው። መተግበሪያው «ማን ነው የሚያየው?» ብሎ ሲጠይቅም የድመት ፊት መርጠው ስማቸውን አስጻፉ።

በዚያው ምሽት ስልኬ «በአሁኑ ሰዓት በሌሎች መሣሪያዎች ላይ እየታየ ነው» አለኝ። አንዱ ስክሪን አያንቱ ናት፤ ሌላው የአዴ ኩሜ ድመት ናት። ከመልእክቱ ሥር አንድ ቁልፍ አለ፤ «ይህን መሣሪያ አስወጣ» ይላል። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። በግድግዳው በኩል አዴ ኩሜ እየሳቁ ነው። ተከራይ አከራዩን ሲያስወጣ የት አገር ታይቷል? ጣቴን አነሳሁና ያንኑ ድራማ የሚያሳይ ሁለተኛ መተግበሪያ ገዛሁ። ሰማያዊ ነው።

ሰማያዊውን ለማንም እንዳልናገር ለራሴ ማልኩ። መሐላው የቆየው ኦቦ ቶሌራ እስኪደውሉ ነው። ኦቦ ቶሌራ የአያንቱ አጎት ናቸው፤ ኡኬ ነው የሚኖሩት። አባቷ ስለሌለ በሠርጋችን ቀን እጇን ይዘው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሲጠሩኝ ሶዳ ይሉኛል፤ አማች ማለት ነው።

«አካም ኦልቴ ሶዳ። ኩሜን ነቀምቴ ጸሎት ቤት አግኝቻት ቲቪዋን ስታወራ ዋለች። ለአከራይህ ሰጥተህ ለእኔ የምትከለክል ሰው አይደለህም መቼም።»

ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ መልካም ነገር ብቻውን የሚበላ ሰው አይወዱም፤ ለጎረቤት አካፈሉ። ጎረቤትም ለዘመድ። የሰማያዊውን የመሣሪያዎች ገጽ ስከፍት ከኡኬ እስከ ወለጋ ዳር ድረስ የማላውቃቸው ስልኮች ተሰልፈው አየኋቸው። ስለ እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አባቴ እንኳ በዘመኑ ይህን ያህል እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም።

ሦስተኛውን፣ ሐምራዊውን፣ የገዛሁት ለእንግዳ ነው። አሳቤ እንዲህ ነበር፤ ሰዎችን በይሉኝታ ካላስወጣኋቸው ዘንዳ ሰፋ ወዳለ ቤት በክብር አዛውራቸዋለሁ። ለአዴ ኩሜም ለኦቦ ቶሌራም ደውዬ ሐምራዊው ከሁሉም ይበልጣል አልኳቸው። አመስግነው ተቀበሉ። ቢጫውንና ሰማያዊውን ግን አልለቀቁም። እንዲያውም ኦቦ ቶሌራ «ሶዳችን ሦስት አለው» ብለው ስላወሩልኝ ክብሬ ጨመረ፤ ከክብሬ ጋር ተመልካቹም ጨመረ። ለራሴ የሠራሁት የፊት ምስል ጢም ስላለው ኦቦ ቶሌራ ወስደውታል። በሦስት መተግበሪያ ላይ ፊት አልባ ሆኜ ቀረሁ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ክፍል ደረስኩ። አንድ ሰኞ አያንቱ እንደ ልማዷ ደውላ «ከፈትክ?» አለችኝ። ሦስቱም ሞልተዋል። «ሞልቶብኛል» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ያን ብል «ለማን ሰጠህ?» ትላለች፤ ለአጎቷ መሆኑን ስትሰማ ታፍራለች፤ ደግሞም እራታችን ይቀራል፤ እኔም ወደ ድስቴ እመለሳለሁ። ባዶ ስክሪን ፊት ሳህኔን ይዤ ተቀመጥኩና «ከፈትኩ» አልኩ።

«ድምፁን አጥፋው፣ ስልኩ ላይ ያስተጋባል» አለች። ይህ ለእኔ ትልቅ ዕድል ነበር።

ትንሽ ቆየችና «አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት» አልኩ።

«ምን ሊላት ነው?»

«ይመስለኛል ዛሬ ሊናገር ነው።»

«እኔም መስሎኛል። የኔ ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ በደንብ አይታየኝም፤ ምንድን ነው የለበሰው?»

የጠበቃውን ልብስ ከየት ላምጣው? «ነጭ ልብስ ነው» አልኳት። «ሙሉ ነጭ።»

«ወይኔ፣ እንግዲያስ ሊናገር ነው» አለች፤ ሁለታችንም ጉርሻችንን ይዘን ጠበቅን።

እንዲህ እያልን ብዙ ምሽት ገፋን። ምስጋና ለሚስቴ፤ የምትናገረውን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ስትስቅ እስቃለሁ፤ ስትናደድ እናደዳለሁ። ታሪኩም ሳላየው እጅግ አማረ። ጠበቃው ተናገረ። ባለሆቴሏ ሦስት ቀን አስባ እሺ አለች። የባሏ ወንድም ዝናብ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሠርጋቸውን ሆቴሉ ሰገነት ላይ አደረጉ፤ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ሳትቀር ጨፈረች። አንዳንዴ እኔም «አሮጊቷ እናቱ መጥታለች አይደል?» እላለሁ በድፍረት፤ አያንቱም «አዎ፣ ዳር ላይ ተቀምጣለች፣ ደስ ስትል» ትላለች፤ እኔም ግምቴ ልክ በመሆኑ እገረማለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥሩ ድራማ አይቼ አላውቅም፤ ማለቴ፣ አላየሁም።

አንድ ረቡዕ ግን ባለሆቴሏና ጠበቃው ሆቴሉን አድሰው ሊከፍቱ ተዘጋጅተው በረንዳ ላይ ሻይ ሲጠጡ አያንቱ አለቀሰች። ድምፅ አላሰማችም፤ ትንፋሿ ነው የነገረኝ። ምኑ እንዳስለቀሳት ለማወቅ ብዬ ስክሪኔን አየሁት፤ ስክሪኔ ጥቁር ነው። ሚስቴ ስታለቅስ ምን እያየች እንደሆነ የማላውቅ ባል ሆንኩ። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁ። ሰው በይሉኝታ ምክንያት ወለጋን በሙሉ አስገብቶ ራሱ ደጅ ይቀራል?

በማግሥቱ ምሽት አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ሦስቱንም መተግበሪያዎች ከፈትኩ፤ «ሁሉንም መሣሪያዎች አስወጣ» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቱንም ተጫንኩ፤ ፓስወርዱንም ቀየርኩ። ከግድግዳው ማዶ የአዴ ኩሜ ቲቪ ጸጥ አለ። ከጸጥታው በኋላ «ኢልመ ኮ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ስልኬ መጮኽ ጀመረ፤ ያን ምሽት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሁሉ «ኔትወርክ ይሆናል» እያልኩ ስዋሽ አያንቱ መስመር አጥታ ቀረች። እራት ቆሜ በላሁ።

ኦቦ ቶሌራ የደወሉት ዓርብ ጠዋት ነው። ሁልጊዜ አንተ የሚሉኝ ሰው እርስዎ አሉኝ፤ ነገሩ መክፋቱን በዚህ ብቻ አወቅሁ። ለካ ሐሙስ ምሽት የቤተ ክርስቲያን እንግዶች ጋብዘው ስለ ዝሆኖች የሚያሳይ ፊልም እያዩ ነበር። ዝሆኖቹ ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ ስክሪኑ ነጭ ሆነና «የአካውንቱ ባለቤት አስወጥቶዎታል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከእንግዶቹ አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ሌላው «ባለቤቱ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ቶሌራም አንገታቸውን ደፍተው «አማቼ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌ መጣብኝ። አዴ ኩሜ ሳሎን ተሰበሰብን። አዴ ኩሜ ቲቪውን በዳንቴል ሸፍነውታል። ኦቦ ቶሌራ ከኡኬ ኦቦ ገለታ የሚባሉ ጸጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አያንቱ ከአኖ ስትገባ ነገሩን ከአጎቷ ሰምታ ኖሮ ፊቷ ቀልቷል፤ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ኦቦ ገለታ በጸሎት ከፈቱና ለኦቦ ቶሌራ ዕድል ሰጡ።

«ሶዳ» አሉ ኦቦ ቶሌራ፤ «እኔ ልጅ ሰጥቼዎታለሁ። ቤቴ ሲመጡ በር ዘግቼ አላውቅም። እርስዎ ግን እንግዳዬ ፊት አስወጡኝ። ውጣ ማለት ካስፈለገ በስልክ ደውሎ፣ አካም ኦልቴ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ ነው። ማሽን ልኮ ሰው ያስወጣል?»

አዴ ኩሜም «እኔንም፣ ገንፎ ያበላሁትን» አሉና ቀስ ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ኦቦ ገለታ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ነካህ ልጄ?»

የሚደበቅ ነገር አልቀረም። «ከሚስቴ ጋር እራት መብላት ፈልጌ ነው» አልኳቸው። አኖና ነቀምቴ መሆናችንን፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ድራማ ከፍተን በስልክ አብረን እንደምንበላ፣ ቦታ አጥቼ እንደተቸገርኩ ነገርኳቸው። አለማየቴን ብቻ ዋጥኩት። ሽማግሌው ልባቸው ራራ፤ የኦቦ ቶሌራም ፊት ትንሽ ተፈታ።

«የትኛውን ድራማ ነው?» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

«ባለሆቴሏን።»

«እሱን እኛም እናየዋለን። የት ደረሳችሁ?»

ሰው ሲታረቅ ጨዋታ ይወዳል፤ እኔም ነገሩ እየበረደ መሆኑ አስደስቶኝ ዘረገፍኩት። «ጠበቃው አገባት። ነጭ ልብስ ለብሶ። ሆቴሉን አድሰው ሊከፍቱ ነው።»

አዴ ኩሜ ነጠላውን ከዓይናቸው ላይ አነሱ።

«የትኛው ጠበቃ?» አሉ።

«ያ የሚወዳት ነዋ።»

ኦቦ ቶሌራ ወደ ኦቦ ገለታ አዩ፤ ኦቦ ገለታ ወደ ኦቦ ቶሌራ። «ሶዳ» አሉ ኦቦ ቶሌራ በለሰለሰ ድምፅ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው፤ «ጠበቃው ሞቷል። መኪና ተገልብጦበት። ከሞተ ቆየ እኮ። እኛ ቤት ተለቅሶለታል። ሆቴሉንም ባንክ ወስዶታል።»

ወደ አያንቱ ዞርኩ። አያንቱ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ እናቱ ዳር ተቀምጣለች ያልሽኝ?»

«እናቱ መጥታለች ያልከው አንተ ነህ» አለች ቀስ ብላ። «ነጭ ልብስ ያልከውም አንተ ነህ።»

«አንቺስ አታዪም ነበር?»

«ለአኖ አከራዬ ሰጥቻት ነበር» አለች። «አንተ ለአዴ ኩሜ ሰጥተህ እኔ እንዴት ለእሷ እምቢ ልበል? ከዚያ ሞላብኝ። ስልኬም አልተሰነጠቀም። አንተ እያየህ ስለመሰለኝ እራትህን ላበላሽብህ አልፈለግሁም።»

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገለታ ናቸው፤ ለሽማግሌ በማይመች ሁኔታ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አዴ ኩሜ ተከተሉ። ኦቦ ቶሌራ እስከ መጨረሻው ኮስተር ብለው ሊቆዩ ሞከሩ፤ «ነጭ ልብስ» ብለው ሲደግሙት እሳቸውም አልቻሉም። እኔና አያንቱ ግን አልሳቅንም። ወጪ ብዬ ያወጣሁት ሁሉ፣ ሦስት ቀለም መተግበሪያ፣ ያ ሁሉ ምሽት፣ ሁለት ሰዎች ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠው አንዱ ላንዱ ሲል የፈጠሩት ተረት ነበር።

ፍርዱ አጭር ነው። «ሶዳ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ቶሌራ በቃኝ ማለት አልቻለም፤ ጥፋቱን ተካፈሉት» አሉ ኦቦ ገለታ። «ያስወጣሃቸውን አስገባ። ምሽት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ግን ቢጫውን ማንም እንዳይነካ። ኡኬም ይሁን አኖ፣ ፓስወርዱን ሰምቻለሁ ያለ ሁሉ ይጠብቅ። ያ ሰዓት የእነዚህ ልጆች እራት ነው።» ተነስቼ የኦቦ ቶሌራን ጉልበት ሳምኩ፤ አንተ አሉኝ፤ አዲሱን ፓስወርድ በሽማግሌ ፊት በራሴ ጣት አስገባሁላቸው። አዴ ኩሜ ዳንቴሉን አንስተው ወደ ድመታቸው ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አያንቱን በር ላይ ያዝኳት። «ያን ረቡዕ ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?» አልኳት።

«በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጡ ነዋ» አለች። «ናፍቀኸኝ ነው።»

ሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። ፍርዱ ጸንቷል። ቢጫው ባዶ ነው፤ ሁለቱም ስክሪን የእኛ ነው። ሳህን አወጣሁ፤ ተቀመጥኩ፤ እኩል ተጫንን። ባለሆቴሏ ጥቁር ለብሳ መቃብር ፊት ቆማለች። ዝናብ ይዘንባል። የባሏ ወንድም ከኋላዋ ቆሞ በሆዱ ይስቃል። ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። በመካከሉ ኦቦ ቶሌራ በሌላ መስመር ደወሉ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ። «አትቸኩሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ሞልተውብን ቲቪው ፊት ዝም ብለን ተቀምጠን ነው። ጎረቤቶቹም አሉ።»

«አልጨረስንም ኦቦ» አልኳቸው።

ወደ አያንቱ ስመለስ «ዝጋው» አለችኝ። ዘጋሁት። እሷም ዘጋችው።

«የት ነበርን?» አልኳት።

«ሆቴሉን ሊከፍቱ ነው» አለች። «ነጩን ለብሷል?»

«ለብሷል። አሁን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አንቺ ክፈቺው ብሏት ነው።»

«እሷ ምን አለችው?»

አስቤ፣ ጎርሼ፣ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ከአኖ ስትስቅ ተሰማኝ። ያኔ ከግድግዳው ማዶ ሦስቴ ኳኳታ መጣ። የአዴ ኩሜ ቲቪ ጠፍቷል፤ ለካ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ነው የተቀመጡት።

«ኢልመ ኮ» አሉ፤ «ማሎ፣ ጮክ በል እስቲ። ምን አለችው? አልሰማሁም።»

«ንገራቸው» አለችኝ አያንቱ በስልክ።

ስልኩን ግድግዳው አጠገብ አስቀመጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩት።